ሰባት ቤት እየቆጠርን ሕመሙን የምንዘል

ወገኖቼ፣ ልጅ ለትዳር ሲታጭ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ሽማግሌዎቻችን የእናቱን አያት፣ የአባቱን ቅድመ አያት፣ ማን ከማን ቤት እንደተጋባ በቃላቸው ይዘረዝሩታል። እነዚያው ሽማግሌዎች «አያትየው በምን ሞቱ?» ተብለው ቢጠየቁ «ትንሽ አሟቸው ነበር» ብለው ያልፋሉ። በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ልብ ብላችሁ ስሙት። ሟች የት እንደተወለዱ፣ የት እንዳገለገሉ፣ ስንት የልጅ ልጆች እንዳዩ ከተዘረዘረ በኋላ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የምትል ሐረግ ትመጣለች። በዚያች ሐረግ ውስጥ በስኳር በሽታ ስንት የተቆረጠ እግር፣ ስንት የጠፋ ዓይን፣ ስንት ሥራውን ያቆመ ኩላሊት ተደብቋል! ልጆቹ ቆመው ያለቅሳሉ፤ ይኸው ሕመም ለእነርሱም እንደሚያሰጋቸው ግን የሚነግራቸው የለም።

ጤና ጣቢያም ስንሄድ ያው ነን። ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ «በቤተሰብ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ነፍሰ ጡሯ ወጣት ወደ እናቷ ትዞራለች። እናት «ኧረ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ትላለች፤ የራሷ የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ። ሐኪሙም «የለም» ብሎ ይጽፋል። እናቲቱ ልጇን ስለምትጠላ አይደለም የምትዋሸው። «ዘራቸው በሽታ አለበት» ተብሎ ሌሎቹ ልጆቿ ሳይዳሩ እንዳይቀሩ ፈርታ ነው። ፍርሃቷ ይገባኛል፤ ውሸቷ ግን ልጇን ይጎዳል።

ዓይነት 2 የሚባለው የስኳር በሽታ በቤተሰብ ውስጥ ይተላለፋል። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት፣ ከወላጆቹ አንዱ የታመመበት ሰው በዕድሜው ዘመን በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ ሁለቱም ከታመሙ ወደ 70 በመቶ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአይስላንድ ተመራማሪዎች ቲሲኤፍ7ኤል2 በተባለው ዘረመል ላይ ቆሽት ኢንሱሊንን፣ ማለትም የደምን ስኳር የሚቀንሰውን ንጥረ ነገር፣ የማመንጨት አቅሙን የሚያደክም ልዩነት አገኙ። ከዚያ ወዲህ ከበሽታው ጋር የተያያዙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች የዘረመል ልዩነቶች ተለይተዋል። እያንዳንዳችን ከእነዚህ ጥቂቱን ወይም ብዙውን ተሸክመናል። እንግዲህ ከዚህ የጸዳ ዘር የት ሄዳችሁ ልታጩ ነው?

ውፍረትም እንዲሁ ነው። በዴንማርክ በጉዲፈቻ ያደጉ ሰዎች ተጠንተው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ፣ የሰዎቹ ክብደት የሚመስለው የወለዷቸውን እንጂ ያሳደጓቸውን ወላጆች አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ኤፍቲኦ በተባለው ዘረመል ላይ አንድ ልዩነት ተገኘ፤ ከእናትም ከአባትም የወረሱት ሰዎች ካልወረሱት በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይከብዳሉ፤ በአብዛኛውም የምግብ ፍላጎታቸው ስለሚበረታ ነው። ስለዚህ በድግስ ላይ ወፍራሟን ልጅ «አንቺስ ይብቃሽ» እያላችሁ በሰው ፊት የምታሸማቅቁ፣ ተዉ። የእርሷ ረሃብ ከእናንተ ረሃብ የበረታ ሊሆን ይችላል። ሌሎቻችሁ ደግሞ የጎረቤታችሁ ቦርጭ በወጣ ቁጥር «ተመችቶሃል» እያላችሁ የምታሞግሱ፣ እናንተም ተዉ። በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያደርጋል።

«ታዲያ በዘር ከመጣ ምን ይደረጋል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህን አባባል ከዝምታው የበለጠ እፈራዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985፣ ከዚያም በ1991 ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችንን ተመልከቱ። እንደደረሱ ስኳር በመካከላቸው እምብዛም አይታይም ነበር። ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ ግን በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር በብዛት ተገኘ፤ ከሌሎች እስራኤላውያን ባነሰ ክብደትም ያዛቸው። ዘረመላቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ማዕዱና የእግር መንገዱ ነው። በነጭ ዱቄት ዳቦ፣ በለስላሳ መጠጥና ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ በመቀመጥ የምንውል የአዲስ አበባ፣ የዋሽንግተንና የዱባይ ነዋሪዎችም በዚያው መንገድ ላይ ነን።

ይህ መንገድ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። በአሜሪካ ስኳር ሊይዛቸው የተቃረበ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠንተው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው እንዲራመዱ በተደረጉት ላይ በበሽታው የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ቲሲኤፍ7ኤል2 ላይ ያለውን ክፉ ልዩነት ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱትም ሳይቀሩ ተጠቅመዋል። ዘሩ ነበረ፤ በሽታውን ግን አራቁት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችን ስለምንስተው። ስኳር የሀብታምና የወፍራም በሽታ ብቻ አይደለም። የጎንደር ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡ፣ ደሃና ከሲታ፣ ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉ ሕሙማንን ለዓመታት ሲያክሙና ስለእነርሱም ሲጽፉ ኖረዋል። በማህፀን ሳሉ ረሃብ ያገኛቸውም ሰዎች ለዚህ በሽታ ይበልጥ ይጋለጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 የሆላንድ ረሃብ፣ በኋላም በናይጄሪያ የቢያፍራ ረሃብ ጊዜ የተወለዱ ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ ተመርምረው ይኸው ታይቷል። የእናት ረሃብ የልጁን ዘረመል ባይለውጠውም አሠራሩ ላይ ምልክት ይተዋል። በእኛ አገር በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የተፀነሱ ልጆች ዛሬ 40 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። «ቀጭን ነኝ፣ ምን ያመጣብኛል» ብላችሁ አትዘናጉ።

እንግዲህ ስኳር ያለባችሁ አባቶችና እናቶች፣ መድኃኒቱን ከቁም ሳጥን ጀርባ መደበቅ ይብቃችሁ። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ንገሯቸው፤ በስንት ዓመታችሁ እንደጀመራችሁ፣ ከወንድምና ከእህቶቻችሁስ ማን እንደታመመ ጨምራችሁ። እናቶች፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶባችሁ ከነበረ ወይም ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ ወልዳችሁ ከሆነ ይህም መነገር ያለበት ነው። እናንተ ልጆች ደግሞ ከሰማችሁ በኋላ ጊዜ አትፍጁ። ቁርስ ሳትበሉ ሄዳችሁ የደማችሁን ስኳር አስለኩ። 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ምርመራም ከተደገመ ስኳር ነው፤ ሕክምናውን በዚያው ጀምሩ። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ደግሞ በአሜሪካ ተጠንተው የዳኑት እነዚያ ሰዎች የጀመሩት ከዚሁ አካባቢ ነውና፣ ከዚያው ቀን ጀምራችሁ መራመድ ነው።