ጣቱን አይተን የፈረድንበት ሰው

በቅርቡ በተገኘሁበት አንድ ስብሰባ ላይ ተናጋሪው «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» ብሎ ንግግሩን ሲቋጭ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ይህንኑ ተረት ከዚያ በፊት ሳልሳቀቅ ተናግሬዋለሁ፤ ዛሬ ይጸጽተኛል። ተረቱ ግልጽነትን ያስተምራል ይባል እንጂ፣ የድፍረት ምሳሌ አድርጎ የሚያቆመው በሥጋ ደዌ የታመመ ሰው ነው፤ ጥፋቱም ከሰው ጋር አንድ ገበታ መቅረቡ ብቻ ነው።

አብዛኞቻችን ሥጋ ደዌ ጣት የሚቆርጥ ይመስለናል። ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ ሃንሰን በ1873 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ባክቴሪያ ግን የሚያጠቃው በዋናነት ቆዳንና ነርቭን ነው፤ ነርቭ ሲጎዳ እጅ ይደነዝዛል፤ ብዙው ጉዳት የሚመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። እጇ የደነዘዘ እናት የሚንተከተከውን ድስት ከጉልቻው ላይ ያለ ጨርቅ ታወርዳለች፤ መቃጠሏን የምታውቀው ቆዳዋ ተልጦ ስታየው ነው። ገበሬውም እርፉ መዳፉን እንዳቆሰለው ሳያውቅ እስኪመሽ ያርሳል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ሲደጋገምም ጣቱ እያጠረ ይሄዳል። እኛ የእርግማን ወይም የዘር ምልክት አድርገን የምናየው እጅ፣ ሕመም ሳያስቆመው ቤተሰብ ሲያበላ የኖረ እጅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚመክረው የተቀናጀ መድኃኒት እንደ ሕመሙ ዓይነት ከ6 እስከ 12 ወር ተወስዶ ያድናል፤ በነጻም ይሰጣል። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል፤ ለነገሩ አብዛኛው ሰው በሽታውን በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ታዲያ ለምን አሁንም አካላቸው የሚጎዳ ወገኖች አሉ? አንዱ ምክንያት እኛ ነን። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቆዳ ላይ በሚወጣ፣ ሲነኩት በማይሰማ ፈዘዝ ያለ ምልክት ነው። ያንን ምልክት ያየ ወጣት ቆማጣ መባልን ፈርቶ በእጅጌው ሸፍኖ ወራት ካሳለፈ፣ ነርቩ የሚሞተው በእነዚያ ወራት ነው፤ እኛም በኋላ የተጎዳ ጣቱን አይተን «አላልንም?» እንላለን። ማስረጃ ብለን የምንቆጥረውን ጉዳት ያባባሰው የራሳችን ፍርድ ነው።

ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በ1965 (እ.ኤ.አ.) በተመሠረተው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል አካባቢ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ ከበሽታው የዳኑ እናቶች ጥልፍ ይጠልፋሉ። መርፌው ሲወጋቸው ላይሰማቸው ስለሚችል፣ ጣታቸውን በዓይናቸው እየጠበቁ ነው የሚሠሩት።