ሹመት ያዳብር፣ ለሦስታችሁም

ሰው ክፉ ነው። በየአገሩ ክሪኬትን የሚያስተዳድሩትን ቦርዶች ያማል። «አንድ አገር ለአንድ ስፖርት ሦስት አምበል ምን ያደርግለታል?» ይላል። ቅናት ነው። እሱ ሲሸነፍ የሚያላክክበት ሰው ስለሌለው ነው።

እኔ ግን አደንቃቸዋለሁ።

ለማያውቀው ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ከአገር የሚገጥምበት ክሪኬት ሦስት ዓይነት ነው። ቴስት እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ በቀይ ኳስ፣ የምሳና የሻይ እረፍት እየተወሰደ። የአንድ ቀኑ በነጭ ኳስ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር፣ በኦቨር ስድስት ውርወራ። ቲ20 ደግሞ በዚያው በነጭ ኳስ 20 ኦቨር ብቻ ነው፤ ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። የክሪኬት አምበል ታዲያ እንደ እግር ኳሱ ክንዱ ላይ ጨርቅ አስሮ ዳኛ የሚነዘንዝ ብቻ አይደለም። የሳንቲሙ ዕጣ ከወጣለት እንምታ ወይስ እንወርውር ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። ማን ይወርውር፣ ማን የት ይቁም፣ ሁሉም የእሱ ጣጣ ነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው መጫን ግፍ አይደለም? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ተብሏል። ቦርዶቹ ሦስት አሉ።

ሐቁን ለመናገር፣ ነገሩ ሲጀመር ሠርቷል። በፈረንጆቹ 1997 አውስትራሊያ የቴስት አምበሏን ማርክ ቴይለርን ከአንድ ቀኑ ቡድን አውጥታ ስቲቭ ዎህን ሾመች። በ1999 ዎህ የዓለም ዋንጫውን ይዞ ገባ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ሹመቱን ኮረጁ። ዋንጫው ግን ለሁሉም አብሮ አልተኮረጀም። እንግሊዝ በ2011 አሟልታ ሦስት አደረገችው፦ ስትራውስ ለቴስት፣ ኩክ ለአንድ ቀን፣ ብሮድ ለቲ20።

የዚህ ጥበብ ትልቁ በረከት ሽንፈት ባለቤት ማጣቱ ነው። ቴስቱ ቢበላሽ «የነጭ ኳሱ ልጆች እኮ ደህና ናቸው» ይባላል። ነጭ ኳሱ ቢበላሽ «ዋናው ክሪኬት ቴስት ነው» ይባላል። ሁሉም ከተበላሸ ቡድኑ «በሽግግር ላይ» ነው። ተጫዋቹንና አምበሉን የሚመርጡት መራጮቹስ? መራጮቹ ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

በሹም ሽር ፓኪስታንን የሚያህል አላየሁም። ኖቬምበር 2023፣ ፓኪስታን ከዓለም ዋንጫው በወጣች በቀናት ውስጥ፣ ባባር አዛም ሦስቱንም አምበልነት ለቀቀ። ቴስቱ ለሻን ማሱድ፣ ቲ20ው ለሻሂን ሻህ አፍሪዲ ደረሰ። ሻሂን ኒውዚላንድ ሄዶ አምስት ጨዋታ መራ፤ አራቱን ተሸነፈ። በቃ። በማርች መጨረሻ ተሻረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ይህ ልጅ ግን እጁን ሳይታጠብ ነው ማዕዱ የተነሣው።

በማን ተተካ? በባባር!

ባባር ለጁኑ የቲ20 ዓለም ዋንጫ ቡድኑን ይዞ ሄደ። ዳላስ ላይ፣ በውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በምትሳተፈው አሜሪካ በሱፐር ኦቨር (ውጤቱ እኩል ሲሆን በሚጨመረው መለያ ኦቨር) ተሸነፉ፤ ከምድባቸውም አላለፉም። ኦክቶበር ላይ ባባር እንደገና ለቀቀ። ነጭ ኳሱ ለሞሐመድ ሪዝዋን ተሰጠ። ማርች 2025 ቲ20ው ከሪዝዋን ላይ ተነሥቶ ለሳልማን አሊ አጋ ሆነ። ኦክቶበር ላይ የአንድ ቀኑም ተወሰደበት። ለማን? ለሻሂን! አንዳንዱ ይህን ግራ መጋባት ይለዋል። እኔ ቁጠባ ነው የምለው። አዲስ ሰው ከመፈለግ ያሉትን ማዟዟር ይቀላል። (እኔም የአምበሎቹን ስም የምጽፈው በእርሳስ ነው።)

ሕንድ ደግሞ ለጋስ ናት። በ2022 ብቻ በሦስቱ ዓይነት ጨዋታ ሰባት ሰው በአምበልነት መርቶላታል። አንዱ ሲጎዳ፣ ሌላው ሲያርፍ፣ ሌላው ሲለቅ። በሜዳ የሚሰለፉት አሥራ አንድ ናቸው። ትንሽ ቢታገሡ ለሁሉም ይዳረስ ነበር።

ለሹም ሽር ግን ሦስት ዓይነት ጨዋታ የግድ አይደለም። እንግሊዝ በ1988 ክረምት ከዌስት ኢንዲስ ጋር አምስት ቴስት ተጫወተች፤ ለእነዚህ አምስት ጨዋታዎች አራት አምበል ሾመች። ጋቲንግ የመጀመሪያውን በአቻ ወጣ፤ እሱ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በኤምቡሪ፣ በካውድሪና በጉች የቀሩትን አራቱንም ተሸነፉ። ያልተሸነፈውን ቀድሞ ማንሣት፣ ይህ ነው ብልሃት። ካውድሪ የመራው አንድ ቴስት ብቻ ነው። የመራጮቹ ሊቀመንበር ፒተር ሜይ ደግሞ የክርስትና አባቱ ነበሩ። እንዲያው ነገሩን ጠቀስኩት እንጂ ሌላ አላልኩም።

ቡድኑን ራሱን ለሁለት የመክፈል ነገርስ? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። በፌብሩዋሪ 2017 አውስትራሊያ በ22ኛው ቀን አዴላይድ ላይ ከስሪላንካ ጋር ቲ20 ተጫወተች፤ በማግስቱ ሕንድ ውስጥ ፑኔ ላይ ቴስት ጀመረች። የሚገርመው ሁለቱንም አሸነፈች። ይህ ለሽሙጥ አይመችም፤ ልለፈው።

የሚመቸው የደቡብ አፍሪካው ነው። በ2024 መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾች በአገር ቤቱ የቲ20 ሊግ ተይዘው ነበር። ስለዚህ ወደ ኒውዚላንድ ለቴስት የሄደው ሌላ ስብስብ ነው። አምበሉ ኒል ብራንድ ከዚያ በፊት አንድም ቴስት ተጫውቶ አያውቅም። ሰው ሳቀ። እኔ ግን መራጮቹ ያዩትን አየሁ፦ በቴስት ተሸንፎ የማያውቅ አምበል! ሁለቱንም ተሸንፎ ተመለሰ እንጂ፣ ሲሄድ መዝገቡ ንጹሕ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል። አራተኛ አምበል። ሜዳ አይገባም፣ ሳንቲም አይጥልም። ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ «ልጆቹ የሚችሉትን አድርገዋል፤ ከዚህ ብዙ ትምህርት ወስደናል» ይላል። ሦስቱ በዚያ ሰዓት ሻንጣቸውን ያስተካክላሉ። ለቦታው ልምድ ያለው ሰው ከተፈለገ ባባር አለ። ሁለት ጊዜ ለቅቆ ያውቃል።