«ፋዘር፣ አንተ እዚያው እየኖርክ?»

ማንችስተር 11 ዓመት ኖሬያለሁ። ስለ ኳስ የተዋረድኩት ግን አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ነው።

ግንቦት 13 ቀን 2017፣ ረቡዕ ማታ። ያረፍኩት እህቴ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ውሃ ከሄደ ዘጠነኛ ቀኑ። ቢጫ ጀሪካን ተሸክሜ ስወጣ ስወርድ ውዬ ወገቤ አልቋል። ማታ 4 ሰዓት ላይ የሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። ማንቼ (ማንችስተር ዩናይትድ) ከቶተንሃም፣ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ፣ ከቢልባኦ።

42ኛው ደቂቃ ላይ የቶተንሃሙ ብሬናን ጆንሰን አገባ። ከዚያ በኋላ ኳሱን ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የማንቼ አሰልጣኝ አሞሪም ላይ ችሎት ተቀመጠ። አጠገቤ ያለ ልጅ የቢራ ቆርኪ ሰብስቦ የማንቼን አሰላለፍ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሦስት ከኋላ፣ አራት መሀል፣ ሦስት ከፊት። አንዷን የተጣመመች ቆርኪ አነሳ።

«ብሩኖ ይሄ ነው። ከጎል አርቆ እዚህ ቀበረው። ጋርናቾን ደግሞ ወንበር ያስሞቀዋል። ይሄ ሰውዬ ነገ ጠዋት መሄድ አለበት!»

እኔም ዲያስፖራነቴ ተነሳብኝ። ሰውየው ከፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ የመጣው ገና በኅዳር ነው፣ ተጫዋቾቹን የገዛቸው እሱ አይደለም አልኩ። ማንችስተር ያሉትን ሽማግሌ ጎረቤቴን ጠቀስኩ። እሳቸው የሚረግሙት እ.ኤ.አ. በ2005 ክለቡን በብድር የገዙትን ግሌዘሮችን ነው። አሰልጣኝ ሲነሳ «ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1986 መጥቶ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያየው በ1990 ነው፣ ጊዜ ስጡት» ይላሉ።

ልጁ አዝኖ አየኝ። «ፋዘር፣ አንተ እዚያው እየኖርክ? ለመሆኑ ስታዲየም ገብተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። በዚያ ዓመት አንድ ትኬት 66 ፓውንድ አድርገውታል፣ ለሕፃንም ለሽማግሌም ያው። «በቲቪ ነው የማየው» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እስካሁን ያንገበግበኛል። እሱ በ50 ብር መግቢያ ከእኔ በላይ አወቀ!

ዕረፍት ላይ ብድሬን ልመልስ ብዬ «ውሃውንስ ምን አሰባችሁ?» አልኩ። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሁለተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

«ምን ይደረግ፣ ይመጣል» አለ ልጁ፣ ቆርኪዎቹን እያስተካከለ።

ይመጣል! ጎረቤቴ ቢሰሙ ያብዳሉ። አንዴ ሰፈራችን ውሃ ግማሽ ቀን ተቋርጦ፣ ሰውየው ሳይረፍድ ደውለው፣ ከሰዓት ደብዳቤ ጽፈው፣ በሳምንቱ ካሳ ጠይቀዋል። ለአሞሪም ግን አራት ዓመት ይሰጡ ነበር።

ማንቼ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ከቀናት በኋላ ሊጉንም በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። የፍጻሜው ዕለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፎ በስልኬ መብራት ደረጃውን ስወጣ፣ ልጆቹ ከታች ሆነው ቀጣዩን አሰልጣኝ እየመረጡ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ልጁ በቴሌግራም ደወለ። የቶተንሃሙ አሰልጣኝ ፖስቴኮግሉ ዋንጫውን ባነሳ በ16ኛው ቀን ተባሯል።

«አየህ ፋዘር? ጊዜ ይሰጣሉ ያልከው እነዚህን ነው? ዋንጫ ያመጣውን ያባርራሉ!»

መልስ አጣሁ። ወሬ ለማስቀየር «ውሃው መጣ?» አልኩት።

«የቱ ውሃ?» አለኝ።