ወረቀቱና ማማሰያው

ባለፈው ጥምቀት ጎንደር ነበርኩ። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለን የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ምግብ ዝግጅት ልማር ወይስ ሆቴል ኪችን ልግባ?» አለኝ። እናቱ ተማር፣ ጓደኞቹ ሥራ ጀምር ይሉታል።

እኔ አሜሪካ ኪችን የገባሁት ሳህን በማጠብ ነው። ዲፕሎማ ይዘው የሚመጡ ልጆች ካሮት በ3 ሚሊ ሜትር ኩብ ይከትፋሉ፤ «ብሩንዋዝ» ይሉታል። ቅዳሜ ማታ ትእዛዝ ሲደራረብ ግን እጃቸው ይተሳሰራል። ስቄባቸዋለሁ፣ አልዋሽም።

አንድ ቀን ግን የፈላ ሾርባ ከነድስቱ ፍሪጅ ልከት ስል አንዷ ባለዲፕሎማ አስቆመችኝ። ዝርግ ትሪዎች ላይ ከፋፈለችው። ከ57 ዲግሪ ወደ 21 በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 በ4 ሰዓት ውስጥ ካልወረደ ባክቴሪያ ይራባበታል አለችኝ። ስንት ዓመት ስሠራ ማንም አልነገረኝም ነበር። ያ ሳቅ እዚያው ቀረ። (የትምህርት ብድሯን ስትነግረኝማ ጭራሽ አዘንኩላት።)

አሜሪካ ቅጥር ቀላል ነው። «ቅዳሜ መጥተህ ሥራ፣ እንይህ» ይሉሃል። አገር ቤት ጥሩ ሆቴል በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሲኦሲ ነው፤ በፈተና የሚገኘው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀት። አክስቴ ደግሞ ምንም ወረቀት የላትም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ድግስ ላይ ወጥ ስትሠራ ኖራለች። ዶሮውን 12 ብልት ስታወጣ ቢላዋዋ አጥንት አይነካም፤ መገጣጠሚያውን በጣቷ ፈልጋ ነው የምትለየው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ታቁላላለች። ቅቤው መቼ ይገባል ብትሏት «ዝም ሲል» ነው መልሷ። ውሃው እስኪያልቅ ይንጫጫል፣ ከዚያ ድምፁ ይወርዳል። ይሄን የትኛው ፈተና ነው የሚመዝነው? ሠርግ ሲመጣ ሁሉም እሷን ይፈልጋል፤ «ሼፍ» የሚባለው ግን ነጭ ኮፍያ ያደረገው ልጅ ነው።

ልጁ ማርከስ ሳሙኤልሰንን ጠቀሰልኝ፤ ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገውን ሼፍ። እውነት ነው፣ ጎተንበርግ ተምሯል። ግን መጀመሪያ የስዊድን አያቱ ማድ ቤት ነበር፤ ከትምህርቱ በኋላም ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ኪችን ውስጥ ታሽቷል።

እናም ተመዝገብ አልኩት፣ ወረቀቱ እዚህ አገር በር ይከፍታል። ግን ትምህርቱ እስኪጀመር አክስቴ ጋ ግባ። ምን መጠየቅ እንዳለብህ ሳታውቅ ክፍል አትቀመጥ።

አሜሪካ ከተመለስኩ በኋላ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ሽንኩርቱ ዝም አለ!»

ከጀርባው የአክስቴ ድምፅ መጣ፦ «ገና ነው፣ አማስል!»