ዛንዚባርን በባሕር ገብቶ በየብስ ማቋረጥ

ወደ ዛንዚባር የሚሄድ እንግዳ ብዙውን ጊዜ በአውሮፕላን ገብቶ በቀጥታ በምሥራቁ ጠረፍ ወደሚገኝ ሆቴል በመኪና ይወሰዳል፤ ጥቂት ቀን ነጩ አሸዋ ላይ ሰንብቶም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ዕረፍት ፈልጎ የመጣን ሰው መንቀፍ አልሻም። ነገር ግን የደሴቲቱ ሰው ኑሮ ከባሕሩም ከአፈሩም ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ሁለቱን አያይዞ ያላየ መንገደኛ ዓይኑ ያረፈበት ነገር ሁሉ ምክንያቱ አይገለጥለትም ብዬ አምናለሁ።

እኔ ዋናዋ ደሴት ኡንጉጃ የደረስኩት ከዳሬ ሰላም ተነሥቼ ሁለት ሰዓት ያህል በመርከብ ተጉዤ ነው። ከባሕር ለሚመጣ ሰው የዛንዚባር ከተማ ጥንታዊ ክፍል የሆነችው ስቶን ታውን ፊቷን ወደ እርሱ መልሳ ትቀበለዋለች፤ የድሮው ምሽግ፣ የሡልጣኖቹ ቤተ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራውና በ2020 መጨረሻ ከፊሉ የተደረመሰው የድንቃድንቅ ቤት፣ ሁሉም የቆሙት ወደ ውሃው ዞረው ነው። ይህም ያለ ነገር አልሆነም። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ የዓረብንና የሕንድን ነጋዴዎች ጀልባ እየገፋ ያመጣ ነበር፤ እነርሱም ከደቡብ የሚነሣው ኩሲ እስኪመልሳቸው ድረስ ወራት ይቀመጡ ነበር። በዚያ መቀመጥ ውስጥ ጋብቻ፣ ቋንቋና የቤት አሠራር ተዋሐደ። የኦማኑ ሡልጣን ሰይድ ሰዒድም እ.ኤ.አ. በ1840 መናገሻውን ከሙስካት ወደዚህ ያዛወረው የዚህን ወደብ ጥቅም አይቶ ነው።

ያው ባሕር ያመጣውና የወሰደው ግን ሸቀጥ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. እስከ 1873 ድረስ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥበት በነበረው ገበያ ቦታ ላይ ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል፤ በግቢውም ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ አምስት የሰው ምስሎች አንገታቸው በሰንሰለት እንደታሰረ ይታያሉ። እዚያ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ብዙ ቆምኩ። ወደ ስቶን ታውን የሚሄድ ሰው ሁሉ በተቀረጹት በሮች ፊት ፎቶግራፍ ከመነሣቱ በፊት እዚህ ቢደርስ እወዳለሁ፤ የበሮቹ ባለቤቶች ሀብት በከፊል ከዚህ የተገኘ ነውና።

ከከተማው ወጥቼ በዳላ ዳላ፣ ማለትም ሕዝቡ በሚሳፈርበት መኪና፣ ወደ ምሥራቅ ስሄድ የገረመኝ የመሬቱ መለወጥ ነው። በምዕራቡ በኩል አፈሩ ጥልቅና ቀይ ነው፤ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ የሚበቅለው እዚያ ነው። በመካከል ያለው የጆዛኒ ደን የቀዩ ጉሬዛ መኖሪያ ነው፤ ይህ እንስሳ በዛንዚባር ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ በሚበላው ቅጠል ውስጥ ያለውን መርዝ ለመከላከል ከሰል ይበላል። ከደኑ ባሻገር ግን አፈሩ ይሳሳና ጥንት የባሕር ወለል የነበረው የኮራል ድንጋይ ፊቱን ያወጣል። ዛፉ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ እርሻው በድንጋይ መካከል በሚገኝ ጭብጥ አፈር ላይ ይወሰናል። በምሥራቁ ጠረፍ ያለው ሰው ለእንጀራው ባሕሩን ይበልጥ የሚጠብቀው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን መንገድ በመሄዴ ነው።

በምሥራቁ ጠረፍ ያለችው መንደር ፓጄ ስንደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ርቆ በሸሸበት ሰዓት የሚዋኝበት ውሃ ያጣ እንግዳ ሲያማርር ሰምቻለሁ። ለጠረፉ ሴቶች ግን የሥራ ሰዓት የሚጀምረው ያኔ ነው። አንዲት እናት ጉልበቷ በማይደርስ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት ችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ቁራጮችን በትንሽ ማሰሪያ አንድ በአንድ ስታስር አየሁ። ጣቶቿ በጨው ነጥተው ተሰነጣጥቀዋል፤ ቋጠሮው ግን አንድም አልሳታትም። ይህ እርሻ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አራሾች ሴቶች ናቸው፤ ከአረሙ የሚወጣው ንጥረ ነገር ለጥርስ ሳሙናና ለአይስክሬም ማወፈሪያ ይውላል። የባሕሩ ሙቀት እየጨመረ በመምጣቱ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው የአረም ዓይነት በጥልቀት በሌለው ውሃ አልበቅል እያለ ነው። ስለዚህ ወደ ጥልቁ መግባት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ጀልባና ዋና መቻል ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ ሴቶች ሁለቱም የላቸውም። ደሴቲቱን የሚወዱ እንግዶችም ሆኑ ከእንግዶች ገንዘብ የሚያገኙ ባለሀብቶች ለእነዚህ ሴቶች ዋና ማስተማርንና ጀልባ ማግኘትን እንደ ራሳቸው ጉዳይ ሊያዩት ይገባል እላለሁ።

በማግስቱ ንጋላዋ በምትባለው፣ ግራና ቀኝ ሚዛን መጠበቂያ እንጨት ባላት የሸራ ጀልባ፣ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር እስከ ኮራሉ ግድብ ወጣሁ። ከዚያ ዞሬ ስመለከት ውሃው መሙላት ጀምሮ ነበር፤ ሴቶቹ የረጠበውን ጆንያ በራሳቸው ተሸክመው ወደ መንደሩ ይወጡ ነበር፤ ችካሎቹም አንድ በአንድ ከውሃው በታች ገቡ።