ፕራሆክ የከለከሉኝ ለታ

አንኮር ዋትን፣ ያንን የካምቦዲያ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ስዞር ውዬ እግሬ ዝሏል፣ ሆዴ ይጮኻል። ማታ ሲየም ሪፕ ከተማ ውስጥ አንድ የአገሬው ሕዝብ የክመሮች ባህላዊ ምግብ ቤት ገባሁ። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እስከዚህ ደስ ይላል።

ፕራሆክ አዘዝኩ። ፕራሆክ ማለት በጨው እንዲብላላ የተተወ ዓሣ ነው። የካምቦዲያ ወጥ ቤት ያለሱ አይሆንለትም። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ፣ «ይሸታል፤ ለእርስዎ አይሆንም» አለችኝ። ለእኔ? የከረመ ቅቤ እየበላሁ ላደግኩት ሰውዬ?

እሺ፣ አሞክ ይምጣ። አሞክ እኮ ጥበብ ነው። ጠጅ ሳር፣ እርድና ነጭ ሽንኩርት አብረው ይወቀጣሉ፤ ዓሣው በዚያና በኮኮናት ወተት ይለወሳል፤ ከዚያ በሙዝ ቅጠል ሆኖ በእንፋሎት ይበስላል። ለስለስ ብሎ መርጋት አለበት። የመጣልኝ ግን ስኳር የበዛበት ቀጭን ሾርባ! ቅጠሏ ለፎቶ ከሥር ተነጥፋለች።

አፕሳራ የሚሉት የአገሩ ባህላዊ ጭፈራ ያምራል፤ የልጆቹ ጣት አጥንት ያለው አይመስልም። ስፒከሩን ግን ጆሮዬ ሥር ምን አመጣው?

ሂሳቡ ደግሞ በዶላር ነው። የሰጠሁት ዶላር ጫፉ የጥፍር ታህል ተቀዷል ብለው መለሱልኝ። እነሱ ግን የተጨማደደ ሪኤል፣ የአገራቸውን ገንዘብ፣ እፍኝ ሙሉ አሸከሙኝ።

ስወጣ በጓሮ በር አየኋቸው። ሠራተኞቹ ክብ ሠርተው ሩዝ በፕራሆክ ይበላሉ። ሽታው ምራቄን አስዋጠኝ።