ጁኖ «በቃኝ» ማለቷ ለእኛም ይበጃል

መርከባችን የአላስካዋ ጁኖ ወደብ የደረሰችው በጠዋት ነው። እናቴ ነጠላዋን በወፍራም ጃኬት ላይ ደርባ፣ ከላይኛው ፎቅ አጥሩን ተደግፋ መርከብ ትቆጥራለች። ረፋድ ላይ ሦስት ነበሩ። ከቀትር በኋላ አምስት ሞሉ። ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው ሦስት፣ አራት ሺህ ሰው የጫኑ ናቸው። ከተማዋ ደግሞ ከተራራው ሥር ተለጥፋ የተቀመጠች፣ አንድ ሁለት መንገድ ያላት ትንሽ ነገር ናት። እናቴ አንዴ መርከቦቹን፣ አንዴ ከተማዋን አየች።

«ይሄ ሁሉ ሰው የሚወርደው እዚህች ላይ ነው?» አለችኝ። «ባለቤቶቹስ የት ይገባሉ?»

ይህ የሆነው ባለፈው የፈረንጆቹ 2025 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ጥያቄዋ ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ሲያትል ከተመለስን በኋላ ጥያቄዋንና የጁኖ ሰዎች መርከብ ይቀነስልን ማለታቸውን ቡና ላይ ሳነሳ፣ አንድ ወዳጃችን ሳቀብኝ። «ብር ይዞ የመጣን እንግዳ ማን ይመልሳል? የጁኖ ሰዎች ጠግበዋል» አለኝ። እኔ አልጠገቡም ባይ ነኝ። መርከብ እንዲቀነስ መጠየቃቸው ልክ ነው። የሚጠቀሙትም እነሱ ብቻ አይደሉም፤ ከመርከቡ የምንወርደው እኛም ነን።

ጁኖ የአላስካ ዋና ከተማ ናት። ሕዝቧ 32 ሺህ ገደማ ነው። ከሌላ ከተማ በመኪና አይገባባትም፤ መንገድ የላትም። ያለው ወይ አውሮፕላን ወይ መርከብ ነው። በ2023 ብቻ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ የመርከብ መንገደኛ ተቀብላለች። ያውም ዓመቱን ሙሉ አይደለም፤ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ነዋሪው ሲማረር ከተማዋ ከመርከብ ኩባንያዎቹ ጋር ተነጋገረች። ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከቦች በላይ እንዳይገቡ ተስማሙ። ቀጥሎ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ በቀን የሚገቡት መርከቦች ጠቅላላ የአልጋ ቁጥር እንዲወሰን ተፈራረሙ፤ በአዘቦት ቀንና በእሑድ 16 ሺህ፣ ቅዳሜ 12 ሺህ።

እኛ ከነዚያ አምስት መርከቦች በአንዱ ውስጥ ስለነበርን ነገሩ በዓይናችን የታየ ነው። ሜንደንሆል የሚባለውን የበረዶ ግግር ለማየት አውቶቡስ ሰልፍ ላይ የቆምነው ረጅም ሰዓት ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ የሰው ሻንጣ ላይ አስቀመጥናት። እህቷን ድሬዳዋ ደውላ ተራራውን ልታሳያት ፈለገች። ስልኩ ተንቀራፈፈ፤ ምስሉ ቆመ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው በአንዴ ስልኩን ሲያወጣ የትንሽ ከተማ ኔትወርክ ምን ያድርግ? እኛ ለአንድ ቀን ነው የተቸገርነው። እነሱ ግን ልጅ ትምህርት ቤት ከሚያደርሱበት፣ ሐኪም ቤት ከሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው የተሰለፍንባቸው።

መርከቡን ግን አልጠላሁትም። እንዲያውም ለእናቶቻችን ከዚህ የተሻለ ዕረፍት አላውቅም። ሻንጣ አንዴ ይከፈታል፤ ከዚያ ቤቱ ራሱ ነው የሚጓዘው። ደረጃ የለም፣ ሊፍት አለ። ማታ ከአንዱ ከተማ ወጥተሽ ተኝተሽ ጠዋት ሌላ ከተማ ትነቂያለሽ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስታቀርብ የኖረች ሴት ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቡፌው ጋ መቀመጥ አቃታት። በልታ ስትጨርስ ሳህኑን ሰብስባ ልታጥብ ትነሳለች። በሦስተኛው ቀን ነው ወንበሩ ላይ ተደላድላ «በሉ እንግዲህ፣ ያምጡልኝ» ያለችው። እኔና ልጆቼ አጨበጨብን።

ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። የሕንድ ምግብ የሚቀርብበት ጥግ ላይ ምስርና ሩዝ አገኘንላት። ከቤት በትንሽ ብልቃጥ ያመጣችውን ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጋበት በላች። ዳቦ ቆሎም ይዛ ነበር። የቀረባት ጀበናዋ ነው። እሳት ስለሚፈራ ክፍል ውስጥ ምድጃም ሆነ የውኃ ማፍያ መጠቀም ክልክል ነው።

ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ ከኢንዶኔዥያ የመጣ ነው። ሁለት ልጆች አሉት። ውሉ ስምንት ወር ነው፤ እስከዚያ ቤቱን አያይም። ይህን ስነግራት እናቴ ዝም አለች። ታናሽ እህቷ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ነው ቤተሰብ ያስተማረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ማልዳ ተነስታ አልጋዋን ራሷ ታነጥፍ ጀመር፤ «ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው» ትላለች። ልጁ ሲመጣ አንሶላው እንደ ሆቴል ተወጥሮ ያገኘዋል። ሁለቱ በቋንቋ አይግባቡም። እሷ «አይዞህ ልጄ» ትለዋለች፤ እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

ከጁኖ ማግስት ስካግዌይ ገባን። ሕዝቧ ከሺህ ብዙም አይበልጥም፤ በዋናው የክረምት ወር በቀን ከአሥር ሺህ በላይ እንግዳ የሚወርድባት ቀን አለ። እዚያ ያለውን የድሮ ባቡር ተሳፈርን። ሥራው በ1898 ተጀምሮ በ1900 ያለቀ ነው፤ ካናዳ ውስጥ ወዳለው የክሎንዳይክ ወርቅ የሚጎርፈውን ሰው ለማጓጓዝ የተሠራ። ሐዲዱ ጠባብ ነው፤ 91 ሳንቲ ሜትር። በ32 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ወደ 870 ሜትር ይወጣል። ገደሉ ዳር ሲታጠፍ ከፊት ያሉትን ፉርጎዎች በመስኮት ታያቸዋለህ።

እናቴ ከዚራ ነው ያደገችው፣ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አጠገብ። የጅቡቲው ባቡር ሥራ የተጀመረው በ1897 ነው፤ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902። ሁለቱ ባቡሮች እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። ፊሽካው ሲነፋ እጄን ጨበጠችኝ። «የአባትሽን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ» አለችኝ። አባቴ ባቡር ላይ ሠራተኛ ነበር። ስንወርድ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ መነሳት አልፈለገችም። «እዚህ አንድ ሌሊት ባድር» አለች። ሰዓቴን አየሁ። ወደ መርከቡ መመለሻችን ደርሷል። መርከብ ደግሞ ሰው አይጠብቅም።

አምስተኛው ቀን ላይ ግሌሸር ቤይ ገባን። ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ በቀን ከሁለት በላይ የመንገደኛ መርከብ አይገባም። የፓርኩ ጠባቂዎች በጀልባ መጥተው መርከባችን ላይ ወጡና ስለ ቦታው አወሩን። በ1700ዎቹ በረዶው ገፍቶ መጥቶ ትሊንጊት የሚባሉትን የአገሩን ሰዎች ከመንደራቸው አፈናቀላቸው። ከዚያ ደግሞ በረዶው ወደኋላ ሸሸ፤ ዛሬ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብቷል። ማርጀሪ የሚባለው ግግር ፊት ለፊት መርከቧ ቆመች። ስፋቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ሰማያዊ ነው። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ የቤት ያህል ቁራጭ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ድምፁ ዘግይቶ እንደ ነጎድጓድ ደረሰን። እናቴ አማተበች።

በሰባት ቀን ውስጥ ከሁሉ የበለጠውን ያየነው እዚህ ነው። ሰልፍ አልነበረም፤ ግፊያ አልነበረም፤ ሌላ መርከብ እንኳ በአካባቢው አላየንም። ይህ የሆነው አንድ ሰው ቁጥሩን ስለወሰነው ነው። ወዳጄ «እንግዳ አይመለስም» ሲለኝ ትዝ የሚለኝ ይህ ቀን ነው።

እርግጥ የወዳጄ ክርክር ባዶ አይደለም። በኦክቶበር 2024 ጁኖ ውስጥ «ቅዳሜ መርከብ አይግባ» የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። አብዛኛው መራጭ አልተቀበለውም። አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ ሱቅ ያለው ሰው እንጀራው ከመርከቡ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ይዘጋ ሲባል እምቢ አለ። ያም ልክ ነው። ግን እነዚሁ ሰዎች የአምስቱን መርከብና የአልጋውን ገደብ አላፈረሱም። የሚችሉትንና የማይችሉትን ለይተዋል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ? እኛ ለሰባት ሰዓት የወረድን ሰዎች «ተጨማሪ አስገቡ» ብለን ልንፈርድባቸው አይገባም።

ኬቺካን የሚባለው ወደብ ላይ ዝናብ ነበር፤ እዚያ ዝናብ ሁሌም አለ። መርከቡ አጠገብ ያለው መንገድ በጌጣጌጥ ሱቅ ተሞልቷል፤ ብዙዎቹ መርከቡ ሲቀር አብረው የሚዘጉ ናቸው። አልፈናቸው ወደ ወንዙ ወጣን። ሳልሞን ከውኃው ጋር እየታገለ ሽቅብ ሲዘል ልጆቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው አዩ። ገንዘባችንንም እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ከሚሸጡት ዓሣ ላይ አወጣን።

የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ። ትኬት ስትገዙ የወደቦቹን ብዛት ሳይሆን በየወደቡ የምትቆዩበትን ሰዓት ቁጠሩ። በዚያ ቀን ስንት መርከብ እንደሚገባ ወደቦቹ አስቀድመው ያወጡታል፤ እዩት። መንገድ ላይ መርከቡ የሚቆምባት ቪክቶሪያ ደግሞ የካናዳ ከተማ ናት። ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች እዚያ የሚቆሙት በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ነው፤ የሌላ አገር ባንዲራ የያዘ መርከብ የውጭ ወደብ ሳይነካ መንገደኛ ከአሜሪካ ወደ አሜሪካ ማመላለስ አይችልም። ስለዚህ ግሪን ካርድ ያላችሁ ካርዱንም የአገር ቤት ፓስፖርቱንም ይዛችሁ ውጡ፤ ፓስፖርቱ ጊዜው ያላለፈ ይሁን።

ለሚቀጥለው ክረምት እኔና እናቴ ሌላ ነገር አስበናል። ከሲያትል በላይ ካለችው ቤሊንግሃም የአላስካ የሕዝብ ጀልባ ይነሳል። ነዋሪው ራሱ መኪናውን ጭኖ የሚሄድበት ነው። ስካግዌይ እንወርድና ወጥ ቤት ያለው ክፍል ተከራይተን ሦስት ሌሊት እናድራለን። እናቴ ጀበናዋን ከአሁኑ በፎጣ ጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣዋለች።